የአሮጌ መኪና ኤርባግ እንዴት ይጣራል? ከቪትዜ የተማርኩት

የመጀመሪያዋን ቪትዜን የገዛሁት በደላላ ነው። ቁልፍ ስከፍት የኤርባጉ መብራት ይበራል፤ ሞተር ሳስነሳ ይጠፋል። በቃ፣ ጤነኛ ናት አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጅማን ከአጂፕ እስከ ጂሬን በእሷ ዞርኩ። አንድ ቀን ሬዲዮው አልሠራ ሲለኝ ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ወሰድኳት። ልጁ ዳሽቦርዱን ፈታ፣ ገመዶቹን ተከተለ፣ ከዚያ ሳቅ አለ።

«ጋሼ፣ ይቺ የኤርባግ መብራት ከዘይት መብራቱ ጋር ነው የታሰረችው» አለኝ።

የመሪውን ክዳን ሲያነሳው ውስጡ ባዶ ነው። ኤርባግ የሚባል ነገር የለም። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርስበት መኪና ነበር።

ነገሩን ማጥናት የጀመርኩት ያን ቀን ነው። ሳጠና ደግሞ የባሰ አገኘሁ። ባዶ መሪ አያድናችሁም እንጂ ራሱ አይገድላችሁም። የሚገድል ኤርባግ ግን አለ። ስለዚህ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ሁለት ነገር ማጣራት አለበት፦ ኤርባጉ አለ ወይ? ካለስ ፋብሪካው «መልሱልኝ» ብሎ የጠራው ዓይነት ነው ወይ? ሁለተኛውን ነው ሪኮል የሚሉት። አንዱን አጣርቶ ሌላውን መተው አያዋጣም፤ ለምን እንደሆነ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ታዩታላችሁ። («ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ በሽታውን እንወቅ

ኤርባግ የጨርቅ ከረጢት ነው። ከኋላው ኢንፍሌተር የሚባል ትንሽ የብረት ጣሳ አለ። ጣሳው ውስጥ የሚነድ ኬሚካል ተጠቅጥቆ ታሽጓል። መኪናው ሲጋጭ ኮምፒውተሩ ምልክት ይልካል፣ ኬሚካሉ ይነዳል፣ ጋዙ ከረጢቱን ይነፋዋል። ይህ ሁሉ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትገልጡ ድረስ ያልቃል።

ታካታ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ለዚህ ሥራ አሞኒየም ናይትሬት መረጠ። ርካሽ ነው፤ ግን እርጥበት አይወድም። ቀን እየጋለ ማታ እየቀዘቀዘ፣ እርጥበት እየገባው ዓመታት ሲያልፉ ኬሚካሉ ይፈረካከሳል። የተፈረካከሰው ደግሞ ከሚገባው በላይ ቶሎ ይነዳል። ግንድና ጭራሮ አስቡ፤ እንጨቱ ያው ነው፣ አነዳደዱ ግን ለየቅል። ጣሳው ግፊቱን መቻል ያቅተውና ይፈነዳል። የብረት ስብርባሪው ወደ ሰውየው ፊትና አንገት ይተኮሳል። ሰው በእግሩ ወጥቶ በሚሄድበት ቀላል ግጭት የሞቱ ሰዎች አሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ20 በላይ።

የመጀመሪያውን ጥሪ ያወጣው ሆንዳ ነው፣ በ2008። ከዚያ ቶዮታ፣ ኒሳን፣ ማዝዳ፣ ቢ ኤም ደብሊውና ሌሎችም ተከተሉ። በዓለም ዙሪያ 100 ሚሊዮን ገደማ ኢንፍሌተር ተጠርቷል። ታካታ ራሱ በ2017 ከሰረ። እኛን በቅርብ የሚመለከተን የቶዮታው ነው፦ በ2015 በአንድ ጥሪ ብቻ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ሲጠራ ከ2003 እስከ 2007 የተመረቱ ኮሮላና ቪትዝ ዋነኞቹ ነበሩ። እስቲ ወደ መርካቶ ውጡና የቆሙትን መኪኖች ቁጠሩ።

ጅማ ዝናብ የማይጠፋባት ከተማ ናት፤ እርጥበቱን የቡና ነጋዴ በደንብ ያውቀዋል። ማጋነን ግን አልፈልግም። ለታካታ ኤርባግ የከፋው ከባድ ሙቀትና እርጥበት አብረው ያሉበት አገር ነው፣ እንደ ፍሎሪዳ ያለ። ጅማ ፍሎሪዳ አይደለችም። ችግሩ የመኪናችሁ ዕድሜ በጅማ ብቻ አይቆጠርም። ከእናንተ በፊት የባሕረ ሰላጤው ፀሐይ ስር ስንት ዓመት እንደቆመች ማን ያውቃል? መኪኖቻችን ደግሞ ጡረታ አይወጡም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ያለችንን ቪትዝ እያደስን እንነዳለን ማለት ነው። ለታካታ ኢንፍሌተር ደግሞ ዕድሜ ጠላቱ ነው።

አንደኛ፦ የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው ላይ አንብቡ

ከሊብሬው ሳይሆን ከመኪናው። ሊብሬ ላይ ሲገለበጥ አንድ ፊደል ልትሳሳት ትችላለች፤ አንዲት ስህተት ደግሞ የሌላ ሰው መኪና ታመጣላችኋለች። ኮፈኑን ክፈቱ። በሞተሩና በተሳፋሪው ክፍል መካከል ያለውን ግድግዳ በጨርቅ ጥረጉት። የተለጠፈ ሳህን ወይም ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር ታገኛላችሁ። ካጣችሁት የበሩን ምሰሶ እዩ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ከዚያ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ካልተገጣጠመ የኤርባጉን ነገር ተዉትና መጀመሪያ ያንን አጣሩ፤ ያ ሌላ ጣጣ ነው።

ቁጥሩ ሁለት ዓይነት ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና አጭር ቁጥር አለው፦ ጥቂት ፊደልና ቁጥር፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ሰባት አሃዝ። የመጀመሪያዋ ባለ 1000 ሲሲ ቪትዝ በ«ኤስ ሲ ፒ 10»፣ ባለ 1300ዋ በ«ኤን ሲ ፒ 10» ይጀምራል። ለሌላው ዓለም የተሠራ መኪና ደግሞ 17 ፊደልና ቁጥር አለው። በዚህ ረጅም ቁጥር ውስጥ «ኦ» እና «አይ» የሚባሉት የላቲን ፊደሎች የሉም። ኦ የሚመስላችሁ ዜሮ ነው፣ አይ የሚመስላችሁ አንድ ነው።

የረጅሙ ቁጥር መጀመሪያ መኪናው የት እንደተሠራ ይናገራል። «ጄ» ከሆነ ጃፓን። «ቪ ኤን ኬ» ከሆነ ፈረንሳይ የተሠራ ቶዮታ፣ ብዙ ጊዜ ያሪስ። 1፣ 4 ወይም 5 ከሆነ አሜሪካ። የት እንደተሸጠ ግን አይናገርም። ለዚያ ሌላ ፍንጭ ፈልጉ፦ ፍጥነቱ በማይል ከተጻፈ ከአሜሪካ ነው የመጣው፤ የፀሐይ መከላከያው ላይ ዓረብኛ ካለ ከዱባይ ወገን ነው።

ሁለተኛ፦ መሪው የተዛወረ መሆኑን እወቁ

ይህ እርምጃ በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ የለም። ለእኛ ግን ዋናው እሱ ነው።

የድሮዋ ቪትዝ በዚህ ስሟ የተሸጠችው ጃፓን ብቻ ነው። ሌላው ዓለም ያሪስ ወይም ኤኮ ነው የሚላት። ጃፓኖች ደግሞ መሪያቸው በቀኝ ነው። እንግዲህ ከኋላዋ ቪትዝ የሚል ጽሑፍ ኖሮ ቁጥሯም አጭሩ የጃፓን ቁጥር ሆኖ መሪዋ በግራ ከሆነ፣ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ዳሽቦርዷን ፈቶ መሪውን አዛውሮታል። ሌላም ምልክት አለ። የዝናብ መጥረጊያው ለቀኝ ሹፌር እንደተሠራ ሆኖ ይቀራል፤ ሲጠርግ ከእናንተ ፊት ያለውን ጥግ ይተዋል። ኮፈኑ ስር ደግሞ በቀኝ በኩል የተደፈነ ቀዳዳ ይታያል።

ምን ለውጥ ያመጣል? ብዙ። የሻንሲ ቁጥሩ የሚናገረው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደተገጠመለት ነው። መሪው ሲዛወር ግን ዳሽቦርዱም የመሪው ክዳንም ከሌላ መኪና መጥቶ ሊሆን ይችላል። ኤርባጉ ጭራሽ ላይመለስም ይችላል፣ እንደ እኔዋ። ስለዚህ ኢንተርኔቱ «መኪናህ ንጹህ ነው» ቢላችሁም አሁን ፊታችሁ ስላለው ኤርባግ ምንም አልነገራችሁም። እንዲህ ላለ መኪና ከሚቀጥሉት እርምጃዎች አንዱንም አትዝለሉ።

ሦስተኛ፦ ቁጥሩን አስገቡና ፈልጉ

አጭሩን የጃፓን ቁጥር ቶዮታ ጃፓን የሪኮል መፈለጊያ ገጽ ላይ አስገቡ። ገጹ በጃፓንኛ ነው፤ የስልካችሁ ማሰሻ ይተረጉመዋል። ኒሳን፣ ሆንዳና ሱዙኪም የየራሳቸው አላቸው። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ከሆነ የአገሪቱ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ገጽ ላይ 17ቱን ፊደል ማስገባት ይበቃል፤ ያልተጠገነ ጥሪ ካለ ያወጣዋል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የዱባይን ወይም የአውሮፓን ኮሮላ የአሜሪካው ገጽ ላይ አስገብቶ ምንም ሳይመጣለት ሲቀር «ነፃ ነኝ» ይላል። አይደለም። ገጹ የሚያውቀው የአሜሪካን ገበያ መኪና ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለው መኪና የሚሻለው ወኪሉን መጠየቅ ነው። የቶዮታ ወኪል አዲስ አበባ ያለው ሞኤንኮ ነው። የቁጥሩን ፎቶ ይዛችሁ አንድ ግልጽ ጥያቄ ጠይቁ፦ «በዚህ ሻንሲ ላይ ያልተሠራ የኤርባግ ጥሪ አለ ወይ?» መልሱን በጽሑፍ ብታገኙ ይመረጣል። 350 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት መጀመሪያ በስልክ ጨርሱት።

አራተኛ፦ የመብራቱ ፈተና

ይህን አሁኑኑ ወጥታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ምንም ወጪ የለውም። ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ። ሞተሩን አታስነሱ፤ ፈተናው ያለው እዚያ ላይ ነው። ቀይ የኤርባግ መብራት፣ ማለትም ከፊቱ ክብ ነገር ያለው የተቀመጠ ሰው ምስል፣ መብራት አለበት። ከዚያ ስድስት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ሞተሩ ሳይነሳ በራሱ መጥፋት አለበት።

ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሏል ወይም ተሸፍኗል። በርቶ ከቀረ ሲስተሙ ችግር አለበት፤ በግጭት ጊዜ ኤርባጉ ላይነፋ ይችላል። ሞተር ሲነሳ ብቻ ከጠፋ ደግሞ ከዘይት ወይም ከቻርጅ መብራት ጋር ታስሯል። የእኔ ታሪክ እሱ ነው። ይህችን ባውቅ ኖሮ ደላላው ፊት በአንድ ደቂቃ ይገለጥልኝ ነበር።

መብራቱ በትክክል ቢጠፋም ሁለት ነገር አይነግራችሁም። አንደኛ፣ አንዳንዱ በኤርባጉ ቦታ ትንሽ ሬዚስተር ሰክቶ ኮምፒውተሩን ያታልላል። ሁለተኛ፣ የታካታ ኢንፍሌተር ውስጡ ተፈረካክሶም መብራቱ ጤነኛ ነው ይላል። ኮምፒውተሩ የሚለካው ገመዱን ነው፤ ጣሳው ውስጥ ያለውን አያይም። ቦሎም ያው ነው። ቦሎ ተለጠፈ ማለት ሪኮሉ ተሠራ ማለት አይደለም።

አምስተኛ፦ በዓይንና በእጅ

የመሪውን ክዳን እዩ። ቀለሙ ከቀረው መሪ ይለያል? ጠርዙ ላይ ማጣበቂያ አለ? በተሳፋሪው በኩል ዳሽቦርዱ ላይ የተሰነጠቀና የተለሰነ ነገር አለ? ቀበቶውን በድንገት ሳቡት፤ መያዝ አለበት። ክላክሱን ሞክሩ። መሪ ሲዞር ክላክሱ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ የአሽከርካሪው ኤርባግ መልእክት የሚያልፍበት ከመሪው ስር ያለው ጥምዝ ገመድም ያረጀ ሊሆን ይችላል። ቶዮታ በ2014 ከ6 ሚሊዮን በላይ መኪኖች ሲጠራ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ገመድ ነበር።

ወንበር ስርም እጃችሁን ስደዱ። የኤርባግ ገመድና ሶኬት ቢጫ ነው። ምንጣፉ እርጥብ ከሆነ፣ ከጅማ ክረምት በኋላ ብዙ ጊዜ ነው፣ ሶኬቱ ይዝጋል። ላቫጆ ቤት ውስጡን በጎማ ውኃ የሚያጥቡላችሁን ልጆች በዚህ ምክንያት ነው የምቆጣቸው። ቢጫውን ሶኬት ግን ራሳችሁ አትንቀሉ።

ስድስተኛ፦ ኮምፒውተር አስነብቡ

ብዙ ጋራዥ ያለው ትንሽ ማንበቢያ የሚያነበው የሞተሩን ብቻ ነው። «ኤርባጉን ያነባል ወይ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የኤርባግ የብልሽት ኮዶች በላቲኑ «ቢ» ይጀምራሉ። ልትገዙ ከሆነ መኪናው ከመሸጡ በፊት ኮዱን ሊያጠፉት እንደሚችሉ አስቡ፤ ነድታችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ እንደገና አስነብቡ።

መካኒኩ ኤርባጉ አካባቢ የሚሠራ ከሆነ ባትሪው ተነቅሎ ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅ አለበት። የቶዮታ መመሪያ የሚለው ይህን ነው። ሲስተሙ ውስጥ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ስላለ ነው። ባትሪ ሳይነቅል መሪውን ሊፈታ ያጎነበሰ መካኒክ ካያችሁ «ወንድሜ፣ ቆይ» በሉት። ቢከፋውም ይክፋው።

ሰባተኛ፦ ተጠርታ ከተገኘችስ?

ከባዱ እዚህ ነው። ሪኮል በወኪል ጋራዥ በነፃ የሚሠራ ሥራ ነው። ግን ዕቃው እስኪመጣ መጠበቅ ሊኖር ይችላል፤ መሪዋ ለተዛወረ መኪና ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። እስከዚያው ምን ይደረግ?

የተጠራው የተሳፋሪው ኤርባግ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፊት ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥ። ሚስትም፣ እናትም፣ አጋሮ ድረስ አድርሰኝ ያለ ዘመድም ኋላ ይቀመጥ። በ2014 ቶዮታ ዕቃ ባጠረው ጊዜ አሜሪካ ያሉ ወኪሎቹ የተሳፋሪውን ኤርባግ አጥፍተው «እዚህ አትቀመጡ» የሚል ምልክት ይለጥፉ ነበር።

የአሽከርካሪው ከሆነ ግን ወንበሩን ባዶ ማድረግ አይቻልም። ፋብሪካው «አትንዱ» ካለ መኪናዋን አቁሟት። ይህን ስል ቀላል አድርጌው አይደለም፤ መኪናዋ እንጀራው የሆነችም ሰው አለ። እንዲህ ላለው ሰው የምለው፣ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ኤርባጉን ያላቅቅለትና እስኪቀየር በቀበቶ ብቻ ይንዳ። ያለ ኤርባግ መንዳት አደጋ ነው። ፊቱ ላይ የሚፈነዳ ጣሳ ይዞ ከመንዳት ግን ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ሦስት ነገር አታድርጉ። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የተፈታ ኤርባግ አትግዙ፤ የምታመጡት ያንኑ የተጠራውን ሊሆን ይችላል። ርካሽ አዲስ ኢንፍሌተርም አትመኑ። በ2024 የአሜሪካው ባለሥልጣን ጥራት የሌላቸው ተመሳሳይ ዕቃዎች ሰው እየገደሉ መሆኑን አስጠንቅቋል። የወጣውን አሮጌ ኢንፍሌተር ደግሞ ቆሻሻ ላይ አትጣሉ፣ ለቆርቆሮ ያለሽም አትስጡ። ፈንጂ ነው። ልጅ ቀጥቅጦ ሊከፍተው፣ ሰው እሳት ውስጥ ሊጨምረው ይችላል። ወደ ወኪሉ ይመለስ።

ለዕለት ተዕለት

ኤርባጉ ጤነኛ ቢሆንም አቀማመጥ ይወስናል። ከደረታችሁ እስከ መሪው መሃል 25 ሴንቲ ሜትር ይኑር። አንድ ትልቅ ስንዝር ከሁለት ጣት ማለት ነው። አጭር ሰው ከሆናችሁ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታችሁ የወንበሩን ጀርባ በጥቂቱ ወደ ኋላ አዘንብሉት። ቀበቶ ያላሰረን ሰው ኤርባግ አያድነውም፤ ተስፈንጥሮ ሲመጣ ከሚነፋው ከረጢት ጋር ይጋጫል። ልጅ ኋላ ነው፣ ጭን ላይ የተያዘ ሕፃንም ጭምር።

ያ ዳሽቦርድ ላይ የሚነጠፈው ፀጉራም ምንጣፍ ያምራል ይባላል። እኔን አያምረኝም። ኤርባጉ የሚወጣበትን በር ይሸፍነዋል። እዚያው ላይ የተለጠፈ የስልክ መያዣም ኤርባጉ ሲከፈት እንደ ድንጋይ ይወረወራል። ሁለቱንም አንሷቸው።

የታካታ ጥሪ በአንድ ጊዜ አልተጠናቀቀም፤ ዓመት በዓመት እየሰፋ ነው የሄደው። በ2015 ዝርዝር ውስጥ ያልነበረ መኪና ኋላ ተጨምሯል። ስለዚህ ቦሎ በምታሳድሱበት ሰሞን የሻንሲ ቁጥሩንም እንደገና አስገቡ። ፎቶው ስልካችሁ ላይ አለ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።